ለልደት የወሰድኩት ንፍሮ

ከእንግሊዝ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ሀዋሳ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ምን አየህ?» ይለኛል። የባጃጅ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ይጠይቀኛል። ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን አንገቴ ላይ አስደግፎ ይጠይቀኛል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይዋሽም። ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፤ የእነሱ እንኳ ለዕውቀት ሳይሆን የቤት ሥራውን እንድረሳላቸው ነው። ሁሉም የሚጠብቁት ረጅም ሕንፃ፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር፣ ሌላው ቢቀር ትንሽ በረዶ ነው። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ካየሁት ሁሉ ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ ነጭ ድንኳን ነው። ይህን ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። ድንኳን ለማየት አውሮፕላን ላይ ምን አወጣህ፣ እዚሁ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በየሳምንቱ ይተከል የለም ወይ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እስኪ ተረጋግታችሁ ስሙኝ።

በሙያዬ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የሄድኩትም ከየአገሩ ለተሰበሰቡ የቋንቋ መምህራን በክረምት ለሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሰፈሬ ውስጥ የምታወቀው ግን በእንግሊዝኛዬ አይደለም። የእድራችን የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ሳህኖቹ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ናቸው። (ከሳህኖቹ ዘጠኙ የት እንደገቡ የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን፤ እባካችሁ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዳትነግሩብኝ።) ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ስልኬ ሲጮህ ባለቤቴ አልማዝ፣ ገና «ሄሎ» ሳልል፣ ጥቁር ኮቴን ከቁም ሳጥን ታወጣለች። ድንኳን ካየሁ ደግሞ እግሬ እኔን ሳያማክር ይሄዳል።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ አመል አይደለም። እኛ ሰፈር አንድን ሰው ሰነፍ ቢሉት ይስቃል፣ ቆንቋና ቢሉት ይከራከራል። «ለቅሶ አይደርስም» ከተባለ ግን አለቀለት፤ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ቢገባ ይሻለዋል። ስለዚህ ልሄድ ስል የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ኸድር፣ መሃል ከተማ ካለው ሱቃቸው ድረስ አስጠርተው የመከሩኝ ስለ ብርድ ወይም ስለ ትምህርት አይደለም። «መምህር» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «እዚያም ጎረቤት ይኖርሃል። እኛን እንዳታሰድበን።» እኔም ቃል ገባሁ።

ያረፍኩት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ወይዘሮ ሲልቪያ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ቤት ነው። ወይዘሮ ሲልቪያ ለሁሉም ነገር ወረቀት ይለጥፋሉ። ማቀዝቀዣው ላይ «በደንብ ይዘጋ»፤ በሩ ላይ «ቁልፍ ይዘሃል?»፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስለ ሙቅ ውኃ አጠቃቀም የተጻፈው ብቻ ከእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ይረዝማል። በመጀመሪያው ሳምንት ተናደድኩ፤ በሁለተኛው ለመድኩ፤ በሦስተኛው ወረቀት የሌለበት ነገር መንካት ፈራሁ። ደግ ሴት ናቸው። ሳስነጥስ ከሌላ ክፍል ሆነው «ይማርህ» ይሉኛል። በሕይወታቸው ወረቀት መለጠፍ የረሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም እኔን ጉድ ሊሠራኝ።

በአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት ሚስተር ሃሮልድ ይባላሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጠዋት ጠዋት አበባ የሚያጠጡ ሽማግሌ ናቸው። የጋሽ ኸድርን ምክር ይዤ በመጀመሪያው ቀን አጥሩ ጋ ቆምኩና በወጉ ሰላም አልኳቸው። እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ነው? ሽማግሌው ማጠጫቸውን እንደዘቀዘቁ ቆመው ቀሩ፤ እኔ ሰላምታዬን እስክጨርስ ውኃው ጫማቸው ላይ አለቀ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዛሬ የሚዘንብ ይመስላል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ስለ ዝናብ አወራን። ሊዘንብ ነው፤ ዘንቦ ነበር፤ ባይዘንብ ጥሩ ነው፤ ቢዘንብም አይከፋም። እኔ የመጣሁት ክረምቱ ሲገባ ከሰኔ ሀዋሳ ነውና ስለ ዝናብ የምለው አላጣሁም። ግን አምስት ሳምንት ሙሉ! ያም ሆኖ ወደድኳቸው። ሳረፍድ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን ምንም ሳይሉ ሦስት ቲማቲም በአጥሩ ላይ አቀበሉኝና ፈጥነው ገቡ። ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ዓርብ ሚስተር ሃሮልድ አልወጡም። አበባው ሳይጠጣ ዋለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተነሥቼ መጋረጃውን ስገልጥ፣ አጥሩ ማዶ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ወንበር ይደረደራል። መኪና በመኪና ላይ ይቆማል። ሰዎች ክዳን ያለው ድስት ታቅፈው ይገባሉ። በሩ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቆማ ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች። ወይዘሮ ሲልቪያን ብጠራ ቤት የሉም፤ አንገቴን አስግጌ ሳይ እሳቸውም እዚያ ማዶ ሳህን ያመላልሳሉ።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ድንኳን ለሰርግም ይተከላል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን ሰርግ ቢሆን ጎረቤታቸው ሆኜ እንዴት ሳልጠራ? ጥሪ የማይጠበቅበት ድንኳን አንድ ብቻ ነው። አልጋው ላይ ተቀመጥኩና «ወይኔ ሚስተር ሃሮልድ!» አልኩ። ከልቤ አዘንኩ። ያንን ሦስት ቲማቲም አስታወስኩና ትንሽ አለቀስኩም።

ከዚያ የዕቃ ክፍል ኃላፊነቴ መጣ። ባዶ እጅ አይገባም። ለለቅሶ ቤት ደግሞ ንፍሮ ነው። ኩሽናውን ስበረብር በቆርቆሮ የታሸገ ሽምብራ አገኘሁ፤ አንድ ቆርቆሮ በቆሎም ተገኘ። ስንዴ የለም። ሁሉንም ድስት ውስጥ ገልብጬ፣ ጨው ነስንሼ አሞቅሁት። ከዚያ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ። አልማዝ «የባህል ዝግጅት ካለ» ብላ የከተተችልኝን ነጠላ አወጣሁና እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ተከናነብኩ። ድስቴን ታቅፌ ወጣሁ።

ድንኳኑ ውስጥ እንደ ደንቡ ማንንም ሳልጨብጥ፣ ድስቴን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ምሰሶዎቹ ላይ ፊኛ ታስሯል። የአገሩ ልማድ ነው አልኩ። ፊኛው ላይ ሰማንያ የሚል ቁጥር አለ። ዕድሜያቸውን መጻፋቸው ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ለእኛም እድር ብናስበው አልኩ። ከወዲያ ጥግ ሰዎች ይስቃሉ። እኛስ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወትን ስንስቅ አይደል እንዴ የምንውለው? በዚያ ላይ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ሞት እንደ ድግስ ነው። እንደኔ ለሁሉም ነገር ምክንያት የሚያገኝ ሰው መቼም ጤነኛ አይደለም።

ሰዎች አንድ በአንድ እያዩኝ ድምፃቸውን ቀነሱ። በኋላ ያቺ ዓይኗን ስትጠርግ የነበረችው ሴት መጣችና አጎንብሳ «ደህና ነህ?» አለችኝ። ሱዛን ነኝ፣ የሃሮልድ ልጅ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። (ቅላቱ ሣርና አበባ ሲያብብ የሚነሣባት አለርጂ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።) ብድግ አልኩና ሁለት እጇን ያዝኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፣ በእንግሊዝኛ እንደሆነልኝ አድርጌ። «አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ።»

«ነበሩ?» አለች።

«ትናንት ሳጣቸው ጊዜ ነው የጠረጠርኩት፤ አበባውን አላጠጡም።»

ሱዛን ፊቷ ነጭ ሆነ። ከዚያ በፊት ቀይ ነበረ ለማለት ነው። ቀና ብላ ወደ ቤቱ አየች፣ «አባዬ!» ብላ ጮኸችና ሮጠች። ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። ያን ጊዜ የጓሮው በር ተከፈተና ሚስተር ሃሮልድ በሙሉ ጤንነት፣ ራሳቸው ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ የወረቀት ዘውድ ደፍተው ብቅ አሉ።

«በስመ ሥላሴ!» ብዬ ወደ ኋላ ስል ጠረጴዛውን ገፋሁት። ድስቱ ተገለበጠ። ሽምብራ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ የአንዲት አሮጊት ጫማ ውስጥ ሁሉ ገባ።

ልደታቸው ነበር። ሰማንያኛ ዓመታቸው። ዓርብ ያልታዩት ልጃቸው ዝግጅቱን እንዳያዩባት ቤቷ ወስዳቸው አድረው ነው። ወይዘሮ ሲልቪያ ደግሞ እኔም እንደምመጣ ነግረዋቸዋል፤ ለእኔ ግን ወረቀት መለጠፉን ረሱት!

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለምን እንደመጣሁ ማስረዳት ነበረብኝ። ላብ እያጠመቀኝ፣ እኛ አገር ያልተጠሩበት ድንኳን ምን እንደሆነ፣ ንፍሮ ምን እንደሆነ፣ እኔም በሰፈሬ ምን ሥልጣን እንዳለኝ ተናገርኩ። ሰዉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌማ ጀርባዬን እየመታ «ለእኔም ቀን እንዳትቀር» አለኝ። ሱዛን ብቻ ደረቷን ይዛ ቆማ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ አልሳቁም። ዘውዳቸውን አወለቁና ከአጠገቤ ካለው ወንበር ተቀመጡ። «ሰው ሲሞት ትመጣላችሁ። ከዚያስ?» አሉኝ።

«እንቀመጣለን።»

«ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምንም። እንቀመጣለን። ሦስት ቀን፣ ከዚያም በላይ። ሐዘንተኛውን ለብቻው አንተወውም።»

«ስለ ሟቹስ ታወራላችሁ?»

«ሌላማ ምን እናወራለን!»

ሽማግሌው ዘውዱን ጉልበታቸው ላይ እያዟዟሩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ዶሪን የሞተችው የካቲት ላይ ነው» አሉ።

ዶሪን ባለቤታቸው ናቸው። ሃምሳ ምናምን ዓመት አብረው ኖረዋል። ሱዛን ቶሎ ብላ «አባዬ፣ ዛሬ ይቅር፣ ዛሬ ልደትህ ነው» አለች። ለካስ ለእንግዶቹ ሁሉ አስቀድማ «እባካችሁ የእናቴን ስም እንዳታነሡበት፣ ይከፋዋል» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ሰዉም ከየካቲት ጀምሮ እንዳይከፋቸው እየሠጋ፣ ባገኛቸው ቁጥር ስለ አየሩ እያወራ ያልፋል። ቀብሩ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ብዙ ካርድ ተላከ። ከዚያ በኋላ የዶሪንን ስም ጮክ ብሎ የጠራ ሰው የለም።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ አጥር ላይ ቆሜ ከሐዘንተኛ ሰው ጋር ስለ ዝናብ ሳወራ ኖሬያለሁ። አፈርኩ፤ ከንፍሮውም ይልቅ በዚህ አፈርኩ።

«ትቀመጣለህ?» አሉኝ ሚስተር ሃሮልድ።

ተቀመጥኩ። ከድስቱ የተረፈውን ንፍሮ ወይዘሮ ሲልቪያ በሳህን አመጡልን። ሚስተር ሃሮልድ አንድ ፍሬ፣ አንድ ፍሬ እያነሡ ስለ ዶሪን አወሩኝ። መኪና እየነዱ እንዴት እንደሚዘፍኑ፣ በቀመሱት ወጥ ሁሉ ላይ ጨው እንደሚጨምሩ፣ ሲኮራረፉ በልጃቸው በኩል መልእክት እንደሚላላኩ። ሱዛን መጀመሪያ ኬክ ልቁረጥ ብላ ተነሣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ተነሣች። በመጨረሻ አባቷ እግር ሥር ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ይህ አለርጂ አልነበረም። እንግዶቹም ወንበራቸውን እየሳቡ ቀረቡ። እያንዳንዱ ሰው ስለ ዶሪን አንድ የሚለው ነበረው። ኬኩ የተቆረጠው አመሻሽ ላይ ነው።

እሑድ ጠዋት ጥቂት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሰኞ ሥልጠናው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን።

ይህን ታሪክ ሀዋሳ ስገባ ምን አደረግኩት መሰላችሁ? ማሳቂያ አደረግኩት። በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ፣ እሑድ ጠዋት፣ አጀንዳው ሳይጀመር ተነሥቼ ነጠላውን፣ ቆርቆሮውን፣ የወረቀት ዘውዱን እየተወንኩ ተረኩት። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ጋሽ ኸድር መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸውን ጠረጉ። የዶሪንን ነገር መጨረሻ ላይ ቶሎ ቶሎ ብዬ ተናገርኩና ጭብጨባ ጠበቅሁ።

ያልሳቁት እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። እትዬ ዘነበች በሰፈራችን ያልደረሱበት ለቅሶ የለም፤ ሳይጠሩ የሚመጡ፣ ሳይነገራቸው ድስት የሚጥዱ ሴት ናቸው።

«ታዲያ አሁን ሰውየው ከማን ጋር ናቸው?» አሉኝ።

«ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።»

«ይደውሉልሃል?»

«መልእክት ይልካሉ። ‹ዛሬ ዘነበ› ይሉኛል። እኔም ‹እዚህም ዘንቧል› እላለሁ።»

እትዬ ዘነበች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አንተ ሰው! ናልኝ እያሉህ ነው እኮ!»

ጋሽ ኸድር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «መምህር፣ ስንት ቀን ተቀመጥክ?»

«ቅዳሜን… እሑድ ጠዋትንም ትንሽ…»

«ሦስት ቀን እንኳ አልሞላህም?»

ሰባ የሚሆን ሰው አፈጠጠብኝ። ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሀዋሳ ላይ፣ በገዛ እድሬ ፊት፣ ለቅሶ አይደርስም ሊባልብኝ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጠ። እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ እያለ በጣቱ ወረደና «የአባሉ አከራይ ጎረቤት ሚስት የሚል የለም» አለ።

«ደንቡን ዝጋው!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሰውየው ንፍሯችንን በልተዋል!»

በዚህ ላይ ክርክር አልተነሣም። ጋሽ ኸድር «ደውል» አሉኝ።

ደወልኩ፤ ምስሉም እንዲታይ አደረግኩ። እዚያ ገና ማለዳ ነው። ሚስተር ሃሮልድ ኩሽናቸው ውስጥ ሹራብ ለብሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እኔን አይተው ፈገግ አሉ፤ ስልኩን ወደ ስብሰባው ሳዞረው ግን ደነገጡ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ጎረቤቶቼ ናቸው። ለዶሪን ነው የመጡት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ጋሽ ኸድር «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አሉ። እትዬ ዘነበች «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የኔ ጌታ» ብለው ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ዕንባው የማን እንደሆነ አላየሁም። የእድራችን አባል አቶ ላላሞ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ረዘም አድርገው ተናገሩ። እኔ እሱን መተርጎም አልቻልኩም፤ ሚስተር ሃሮልድ ግን አቶ ላላሞ ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስብሰባው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በስልክ መቀመጥ ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሚስተር ሃሮልድ ወደ ስልኩ ቀረብ አሉ። «ስንት ደቂቃ አላቸው?» አሉኝ።

ለጋሽ ኸድር ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ኸድር የእለቱን አጀንዳ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወንበራቸውን አመቻቹ።

«እስኪበቃዎት ድረስ በላቸው» አሉኝ።

አልኳቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ከግድግዳው ላይ የዶሪንን ፎቶ አወረዱና፣ ሁላችንም እንድናያት አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። ወንበራቸውን ሳቡና ማውራት ጀመሩ። እኔም መተርጎም ጀመርኩ።